ሚክሰሩ ስንት ሰዓት ይቁም? የግንባታ ድምፅ በጎንደር ሰፈሮች

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ መድረቅ ሲጀምር ጎንደር ውስጥ መሠረት የማይቆፈርበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ግንባታ ድምፅ ናቸው። ገሚሱ እንቅልፍ ካጡ ጎረቤቶች፣ ገሚሱ ደግሞ ቤታቸውን ለመጨረስ ከሚጣደፉ ባለቤቶች የመጡ ናቸው። ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ያስተናገድነው ያለምክንያት አይደለም፤ ሌሊት የሚሰማው አብዛኛው ጫጫታ ሥራው ግድ ብሎት ሳይሆን ቀኑ ቀድሞ ባለመታሰቡ የሚመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ከአጥራችን ጋር ተያይዞ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ሶሌታ (የፎቁን ወለል አርማታ) በሚሞሉበት ቀን አርማታ የሚያቦካው ሚክሰር እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ይዞራል። ልጄ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ፎርማኑን ስጠይቀው «ፈቃድ አለን» ብሎ ይመልስልኛል። እውነት የሰዓት ገደብ የለውም? አቤት የምንለውስ ለማን ነው? (አንባቢ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ገደብ አለው፣ እህታችን። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ድምፅ የራሱ የመጠን ጣሪያ እንዲወጣለት ያዝዛል። በአገሪቱ የአካባቢ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር ጣሪያው ቀን 55 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ)፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በንግድ አካባቢ ቀን 65 ሌሊት 55፣ በኢንዱስትሪ አካባቢ ቀን 75 ሌሊት 70 ይደርሳል። «ቀን» የሚባለው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ያለው ሌሊት ነው። ስለዚህ ምሽት አምስት ሰዓት ላይ የሚዞር ሚክሰር በሌሊቱ ጣሪያ ነው የሚለካው።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በአጭሩ እናስረዳ። በናፍጣ የሚሠራ ሚክሰር 15 ሜትር ላይ 80 ዴሲቤል አካባቢ ያሰማል። ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ 30 ሜትር ላይ 74፣ 60 ሜትር ላይ 68 ይሆናል። በርቀት ብቻ ወደ 45 እንዲወርድ ከተፈለገ በባዶ ሜዳ ከ800 ሜትር በላይ መራቅ ያስፈልጋል። አጥር ለአጥር በተያያዘ ሰፈር ሌሊት ሚክሰር እያዞሩ ከጣሪያው በታች መሆን አይቻልም። ክርክሩ ያለቀ ነው።

የቀኑ ነገር ግን ይለያል፤ ይህንን ሳንደብቅ ልንነግርዎ ይገባል። ሥራ ላይ ባለ ግንባታ አጠገብ ቀንም ቢለካ 55 ማለፉ አይቀርም። አቤቱታዎ በቀኑ ድምፅ ላይ ከሆነ የሚያዋጣው «አቁሙልን» ማለት ሳይሆን የሥራው ዘዴ፣ የማሽኑ ቦታና የሚወስደው ጊዜ እንዲስተካከል መጠየቅ ነው። በሌሊቱ ላይ ግን «ከ3 ሰዓት በኋላ ማሽን አይነሣ» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ።

የፎርማኑ መልስ ደግሞ ጥያቄዎን አይመልስም። የግንባታ ፈቃድ ሕንፃው በተፈቀደው ንድፍ እንዲሠራ የሚሰጥ ነው፤ ጎረቤትን ከማወክ ኃላፊነት አያወጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት ወደ ጎረቤቱ እንዳያደርስ ይከለክላል። ይኸው ድንጋጌ የአካባቢው ልማድም ከግምት እንዲገባ ይላል። የአገሪቱ የድምፅ ደረጃ ስለ እሑድ ማለዳ ወይም ስለ ጥምቀት ሰሞን ለይቶ የሚናገረው ነገር የለም፤ የጎንደር ልማድ ግን ይናገራል፣ ሕጉም ልማዱን ያዳምጣል።

አሁን ወደ አካሄዱ እንግባ። መጀመሪያ ፎርማኑን ትተው በግቢው በር ላይ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ፤ የባለቤቱ፣ የተቋራጩና የአማካሪው ስም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተጽፏል። ሰዓቱን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ሦስት ነገር ይጠይቋቸው፦ የሚቀጥለው ሶሌታ መቼ ነው? ስንት ሰዓት ይጀመራል? ስንት ሚክሰር ይቀርባል? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱን ከታች ለአዘዞው አንባቢ በሰጠነው መልስ ያገኙታል። የእድሩ ሊቀመንበር ወይም የሰፈሩ ሽማግሌ አብረው ቢሄዱ ነገሩ ያለ ወረቀት የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካልሆነ መዝገብ ይያዙ። ደብተር ላይ ቀን፣ የጀመረበት ሰዓት፣ ያቆመበት ሰዓት፣ የማሽኑ ዓይነትና ድምፁ የተሰማበት ክፍል ይጻፍ። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ «ሰላም ነሡን» ተብሎ ይጻፋል፣ ሰዓት ግን የለውም። ሌላም የተለመደ ስህተት አለ፦ ስልኩ 22፡40 ይላል፣ ማመልከቻው «4፡40» ይላል፣ ከቪዲዮው ጋር የተያያዘው ቀን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ያየው ሠራተኛ ይምታታበታል። «ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 4፡40፣ በስልኩ ሰዓት 22፡40» ብለው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስፍሩ።

ማመልከቻው ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይሁን፤ ግልባጩ ለክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ክፍልና ለደንብ ማስከበር ይድረስ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያስመቱ። ይህ ቀን ያስፈልግዎታል፤ የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 እንደሚለው በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይቻላል። ማኅተም የሌለው ወረቀት 30ውን ቀን ከየት ይቆጥራል? ድምፁ በዚያው ሌሊት እንዲቆም ከፈለጉ ደግሞ ደንብ ማስከበር ወይም ፖሊስ ዘንድ ይደውሉ፤ ቢሮው የሚከፈተው ሲነጋ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በሌላው ወገን ነኝ። 160 ካሬ ሜትር የሚሆን የቤቴን ሶሌታ በሚቀጥለው ወር እሞላለሁ። ያለፈው ሶሌታ ሌሊት አምስት ሰዓት አልቆ ከጎረቤት ተጣላሁ። መሐንዲሱ «አርማታ ከተጀመረ አይቋረጥም» አለኝ። ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ መሐንዲስዎ ልክ ናቸው፤ ግን የነገሩዎት ግማሹን ነው። መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ።

ድፍን ሶሌታ ከሆነና ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 160 ካሬው 24 ሜትር ኩብ አርማታ ይጠጣል። ቢሙ (ሶሌታውን የሚሸከመው አግዳሚ) ሲጨመር ወደ 30 ሜትር ኩብ ይደርሳል። በአንድ ሜትር ኩብ 7 ኩንታል ሳይሆን 7 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ብንይዝ 210 ከረጢት ይሆናል። ሚክሰሩ በአንድ ዙር አንድ ከረጢት የሚያቦካ ከሆነ፣ አንዱ ዙር ከመሙላት እስከ መድፋት 4 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በሰዓት 15 ዙር ማለት ነው። 210 ዙር ለ15 ሲካፈል 14 ሰዓት! ጠዋት 2 ሰዓት ቢጀምሩ ያለ ምንም እክል ምሽት 4 ሰዓት ያልቃል፤ ምሳና ብልሽት ሲጨመርበት ያለፈው ጊዜ የደረሰብዎት ይደርሳል። ጥፋቱ የሠራተኛው ስንፍና አይደለም፤ ሥራው ጠዋት ሲጀመር ሒሳቡ ቀድሞ ሌሊት ገብቷል።

ሁለተኛ ሚክሰር ይከራዩ። 14ቱ ሰዓት ወደ 7 ይወርድና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያልቃል። «ሁለት ሚክሰር ድምፁን እጥፍ አያደርገውም ወይ?» የሚሉ አሉ። አያደርገውም፤ እኩል የሚጮሁ ሁለት ማሽኖች ድምፁን የሚጨምሩት በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮ ብዙም አይለየውም። ጊዜውን ግን በግማሽ ይቆርጡታል። ነገር ግን ሁለት ሚክሰር ሁለት ቡድን ይፈልጋል፦ ሁለት ጠጠርና አሸዋ ሰፋሪ፣ ሁለት የተሸካሚ መስመር፣ ሁለት ቫይብሬተር (አርማታውን እያነዘረ የሚጠቀጥቅ ማሽን)። አንድ የተሸካሚ ቡድን ይዘው ሁለተኛ ሚክሰር ቢያቆሙ ሁለተኛው ሞልቶ ይጠብቃል እንጂ ሥራው አይፈጥንም።

ቀኑን የሚበሉት ሌሎች ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። አንደኛው ውኃ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ይህን መንገር አያስፈልግም። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ብንይዝ ለ210 ከረጢት ከ5,000 ሊትር በላይ ይሆናል። ማጠቢያውና ካሳፎርማውን (አርማታው የሚፈስበትን የጣውላ ቅርጽ) ማርጠቢያው ሲጨመር 8,000 ሊትር ከዋዜማው በሮቶ ተሞልቶ ማደር አለበት። በቧንቧ ተማምኖ የጀመረ ሰው እኩለ ቀን ላይ ቦቴ ፍለጋ ይሮጣል። ሁለተኛው የፌሮ (የአርማታ ብረት) ርክክብ ነው፤ አማካሪው ፌሮውን አይቶ የሚፈርመው በዋዜማው ይሁን። በሙሊቱ ቀን ጠዋት ከሆነ አንድ የጎደለ ስታፋ (ፌሮውን የሚያቅፍ ቀጭን ብረት) ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ሦስተኛው ቫይብሬተር ነው፤ በየቦታው ቀድሞ የሚበላሽ ማሽን ስለሆነ መጠባበቂያ መርፌ ይኑር። አራተኛው ካሳፎርማ ነው፤ ድጋፉ ሲላላ ሥራው በሙሉ ቆሞ ይጠገናል።

አሁን ወደ «አይቋረጥም» እንመለስ። እንደዘበት አይቋረጥም ማለት ትክክል ነው። የጠነከረው ጠርዝ ላይ አዲስ አርማታ ሲደፋበት ሁለቱ አይያያዙም፤ በኋላ ውኃ የሚያስገባና የሚሰነጠቅ መስመር ይቀራል። በታሰበበት ቦታ ግን ይቋረጣል። መሐንዲሱ ከሙሊቱ በፊት የማቋረጫውን መስመር በንድፉ ላይ ያመልክት፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ድጋፎች መካከል ባለው ርቀት መሀለኛ ሲሶ ላይ ይሆናል፣ ቢም ወይም ኮለን ላይ ግን አይደረግም። እዚያ ጣውላ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል፣ ፌሮው ሳይቆረጥ ያልፋል። በማግስቱ ጠርዙ በብረት ብሩሽ ሻካራ ይደረጋል፣ ይጠረጋል፣ ይረጥባል፣ ቀጭን የሲሚንቶ ቡኬት ይቀባና ሥራው ይቀጥላል።

ጣውላው የሚቆምበትን ውሳኔ ለማታ አያቆዩት። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቆመው የቀረውን ይለኩ። በአንድ ሚክሰር በሰዓት 2 ሜትር ኩብ ያህል ይሞላል። ከ8 ሜትር ኩብ በላይ ከቀረ ምሽት 2 ሰዓት አያልቅም፤ ያን ጊዜ ወደ ማቋረጫው መስመር እየሠሩ ይሂዱ። የመጨረሻው አንድ ሰዓት ለማስተካከያ ይቅር። በእጅ ማስተካከል ድምፅ የለውም፤ ሚክሰሩና ቫይብሬተሩ ከቆሙ በኋላ ሠራተኛ በባትሪ ብርሃን ቢያስተካክል የሚረበሽ ሰው አይኖርም።

ጎረቤትዎን ደግሞ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት በአካል ሄደው ያነጋግሩ። ቀኑን፣ የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት፣ የሚደወልበትን ስልክ በወረቀት ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉ። ሕፃን ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቤት ካለ ሚክሰሩን ከዚያ ወገን ያርቁ። ከ10 ሜትር ወደ 20 ሜትር ማራቅ ብቻ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ አባታችን ያቆዩልን ቤት ፒያሳ አካባቢ ነው፤ የድንጋይ ግንብ በጭቃ የተያዘ። ከጎናችን ድንጋዩን በጃክ ሀመር እየፈለጡ መሠረት ይቆፍራሉ። ግድግዳችን ላይ ስንጥቅ አየን። እነርሱ «ድሮም የነበረ ነው» ይላሉ። እንዴት እናረጋግጥ? (አንባቢ)

መልስ፦ ስንጥቁ ይናገራል፤ የሚያናግረው ካገኘ። ዛሬውኑ የጄሶ ምስክር ይለጥፉበት። ስንጥቁ ባለበት ቦታ ልስኑን እስከ ድንጋዩ ድረስ አንሱት፤ ልስን ላይ የተለጠፈ ምስክር የሚያሳየው የልስኑን እንቅስቃሴ እንጂ የግንቡን አይደለም። ድንጋዩን አርጥባችሁ ስንጥቁን አቋርጦ የሚያልፍ ጄሶ ለጥፉ፦ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 4፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ብዙም ያልበለጠ። ወፍራም ከሆነ አይሰበርም፣ ከአንድ ወገን ይላቀቃል እንጂ። ሳይደርቅ ቀኑን በሚስማር ጫፍ ጻፉበት። በአንድ ስንጥቅ ላይ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ማስመሪያ አጠገቡ ይዛችሁ ፎቶ አንሡ። ጄሶው እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ቁፋሮው እየቀጠለ ለሳምንታት ደህና ከቆየ ስንጥቁ የድሮ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤታችሁ እውነት ብለው ይሆናል ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቤቱ ዋልካ አፈር ላይ ካረፈ አፈሩ በበጋ ሲኮማተር፣ በክረምት ሲያብጥ በራሱ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ጃክ ሀመሩ የሚሠራበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ያዙ። ጄሶው የተሰበረበት ቀን ከቁፋሮው ቀን ጋር የሚገጥም ከሆነ ማስረጃው ይጠነክራል።

ንዝረቱ ራሱ ይለካል። በብዙ አገር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የጀርመን መለኪያ ዲን 4150 ነው። ከ10 ኸርዝ (በሰከንድ 10 ጊዜ) በታች ላለ ንዝረት በመሠረቱ ላይ ሲለካ ለኢንዱስትሪ ሕንፃ በሰከንድ 20 ሚሊ ሜትር፣ ለመኖሪያ ቤት 5፣ በቀላሉ ለሚጎዱ የቅርስ ሕንፃዎች 3 ብቻ ይፈቅዳል። ፋሲል ግቢን ያህል በ1972 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስፍራ መሀሉ ላይ ለያዘ ከተማ ይህ ቁጥር ትልቅ ጉዳይ ነው። በኖራ የተያዘ የድንጋይ ግንብ የማሽን ንዝረት አይወድም፤ በተከለለ የቅርስ ስፍራ ውስጥም የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ሳይፈቅድ መቆፈር አይቻልም።

ሆኖም ከንዝረቱ ይልቅ የምንፈራላችሁ ቁፋሮውን ነው። ከእናንተ መሠረት በታች ከተወረደ ቤቱን የሚሸከመው አፈር ጎኑ ይገለጣል። ተቋራጩ ከግድግዳችሁ ሥር ያለውን በአንድ ጊዜ ጠርጎ እንዳያወጣው ይጠይቁ። ከ1 እስከ 1.5 ሜትር በሚሆን ክፍል ተከፍሎ፣ አንዱ ተቆፍሮ ሲገነባ ቀጣዩ እንዳለ እየቆየ፣ በተለዋጭ መሠራት አለበት። ግድግዳው ወደ ጉድጓዱ ማዘንበል ከጀመረ ወይም በር አልዘጋ ካለ ስንጥቅ አትለኩ፤ ከቤት ውጡና ለግንባታ ቁጥጥር ክፍሉ በዚያው ሰዓት አሳውቁ።

ድንጋዩን በሌላ መንገድ መፍለጥም ይቻላል። የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ጃክ ሀመር ቀኑን ሙሉ ቢመታው የሚያነሣው ጥቂት ነው። በተርታ ቀዳዳ በድሪል ተበስቶ የብረት ሽብልቅ በየተራ ቢመታበት ድንጋዩ በመስመሩ ይሰነጠቃል። ድሪሉም ይጮኻል፣ ግን የሚጮኸው ለጥቂት ሰዓት ነው። የሚያብጥ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ቀዳዳው ውስጥ የሚፈስበት ዘዴም አለ፤ በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ድምፅ ይፈልጠዋል። ዱቄቱ አንዳንዴ ከቀዳዳው ተፈናጥሮ ስለሚወጣ ከላዩ ማጎንበስ ክልክል ነው፣ መነጽርም ያስፈልጋል።

ጉዳቱ ከደረሰ የካሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ነው። ገና ሥራ ያልጀመረ ጎረቤት ላላችሁ ሌሎች አንባቢያን ደግሞ፦ ከቁፋሮው በፊት ሁለቱ ወገኖች በቀበሌው ሰው ፊት የየክፍሉን ግድግዳ ፎቶ አንሥተው ይፈራረሙ። ለሚገነባውም ይጠቅመዋል፤ ያላደረሰውን ስንጥቅ ከመክፈል ያድነዋል።

ጥያቄ፦ በስልኬ የጫንኩት የድምፅ መለኪያ 71 አሳየኝ። ማስረጃ ይሆናል? (አንባቢ፣ ከአዲስ ዓለም)

መልስ፦ ለጥቆማ ይሆናል፣ ለፍርድ ግን አይበቃም። የስልክ ማይክሮፎን ለንግግር የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩ በብዙ ዴሲቤል ሊስት ይችላል። ጥቅሙ ልዩነትን ማሳየቱ ነው። በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ ማሽኑ እየሠራ 15 ደቂቃ፣ ሲቆም ደግሞ 15 ደቂቃ ይለኩ። «ሲሠራ 71፣ ሲቆም 43» የሚል ማስረጃ ስልኩ ቢስት እንኳ ብዙ ይናገራል። ከመሬት 1.2 እስከ 1.5 ሜትር ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳ ርቀው ይያዙት፤ ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልስ ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ነፋስ በበዛበት ሰዓት አይለኩ። ከፍተኛውን ሳይሆን አማካዩን ቁጥር ይመዝግቡ፤ አንድ ጊዜ የጮኸ ክላክስ ከፍተኛውን ያበላሸዋል። በማመልከቻው ላይ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በተስተካከለ መሣሪያ ሌሊት መጥቶ እንዲለካ ይጠይቁ፤ ቀን መጥቶ የለካ ባለሙያ የሌሊቱን አያገኘውም።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ የግንባታ ቦታችንን በጀነሬተር ነው የምንሠራው። ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠርነው፤ ጎረቤት አሁንም ይጮኻል። ለምን አልሠራም? (አንባቢ)

መልስ፦ ቆርቆሮ ቀላል ነው። ድምፅ የሚያግድ ነገር በካሬ ሜትር ቢያንስ 10 ኪሎ ያህል መክበድ አለበት፤ ስስ ቆርቆሮ ግማሹን እንኳ አይደርስም፣ ራሱም ይንቀጠቀጣል። ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ደርድሩ፣ በሦስት ወገን፣ ከጀነሬተሩ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ከጎረቤት መስኮት ሲታይ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ከተጋረደ 5 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ከፍ ብሎና ክፍተት ሳይኖረው ከተሠራ 10 ይደርሳል፣ ይህም ለጆሮ ግማሽ ያህል እንደመቀነስ ነው። በብሎኬቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃም ቢሆን ድፈኑ፤ ድምፅ በቀዳዳ ይሾልካል። ከሥሩ አሮጌ ጎማ አንጥፉ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ከበሰበሰ ቀይሩት። ክፍቱ ወገን ወደ መንገድ ይዙር። ጣሪያና አራተኛ ግድግዳ ሠርታችሁ እንዳትዘጉት ግን አደራ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው፣ ማሽኑም ይግላል።

ጥያቄ፦ ከደጃችን ያለው መንገድ እየተሰፋ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲኖትራክ ገረጋንቲ ይገለብጣል። የመንግሥት ሥራ ስለሆነ አቤት ማለት አይቻልም ይሉናል። (የሰፈር ነዋሪዎች)

መልስ፦ ይቻላል። አዋጁ ግለሰብንም የሕግ ሰውነት ያለውን ድርጅትም አይለይም፤ ሌሊት የሚሠራ የመንገድ ተቋራጭ ከደረጃው ነፃ አይደለም። የሌሊት ሥራ የሚመረጠው ቀን መኪና ስለሚበዛ ነው፣ ይህም ተገቢ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሥራው ጨርሶ ይቁም ከምትሉ ይልቅ ቅደም ተከተሉ ይለወጥ በሉ፤ ይሄኛው የመሳካት ዕድሉ ሰፊ ነው። አስፋልት መስበር፣ ገረጋንቲ መገልበጥና በሮለር መጠቅጠቅ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ያልቁ። ቱቦ መዘርጋት፣ የጠርዝ ድንጋይ መደርደር፣ ንጣፍ ማስተካከል በእጅ ስለሚሠሩ ለሌሊት ይቅሩ። ከቤቶች አጠገብ ሮለሩ ንዝረቱን አጥፍቶ በክብደቱ ብቻ ይሂድ።

ስለ ሲኖትራኩ ሁለት ነገር ጠይቁ። ሰው የሚቀሰቅሰው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ከገለበጠ በኋላ የኋላ በሩ የሚመታው ብረትና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ነው። ሹፌሩ በሩን ሳይዘጋ ወደ ፊት እንዳይነዳ ይነገረው። ማስጠንቀቂያው ግን ይነቀል አትበሉ፤ የሠራተኛ ሕይወት ያድናል። ይልቅስ መኪናው በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው እንዲወጣ መንገዱ ይዘጋጅ፣ ያኔ ወደ ኋላ መሄድ አይኖርም።

የየትኛው ክፍል ሥራ በየትኛው ሌሊት እንደሚሠራ የሚያሳይ መርሐ ግብር በጽሑፍ ጠይቁና በእድሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። አንቀጽ 11 አቤት ባዩ የግል ጥቅሙ የተነካ መሆኑን እንዲያስረዳ አያስገድድም፤ ስለዚህ በእድሩ ስም አንድ ማመልከቻ መግባት ይችላል። ሃያ ሰው በየግሉ ከሚጽፍ ይህኛው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፌራዮ (የፌሮ ሠራተኛ) ነኝ። ሶሌታ ሲኖር ማታም እንሠራለን፤ የሚከፈለን ግን የቀኑ ሒሳብ ነው። ከሥራ ስወጣ ጆሮዬ ይጮኻል። (ከግንባታ ሠራተኞች አንዱ)

መልስ፦ በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎታል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ለምሳሌ የቀን ሒሳብዎ 800 ብር ከሆነ ሰዓቱ 100 ብር ነው። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት 4 ሰዓት ቢሠሩ የሚገባዎት 600 ብር ነው እንጂ 400 አይደለም። ለባለቤቱም ይህን ሒሳብ ያሳዩት፤ የሌሊት ክፍያው ሲደመር ሁለተኛ ሚክሰር መከራየት የሚረክስበት ጊዜ አለ።

የጆሮ መጮህ ጆሮ ከአቅሙ በላይ እንደተሸከመ የሚሰጠው ምልክት ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2፣ 94 ለ1፣ 100 ለ15 ደቂቃ። ፌሮ በግራይንደር ሲቆረጥ አጠገቡ ያለ ሰው 100 አካባቢ ሊያገኘው ይችላል። ጥጥ አይረዳም። የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ይጠቀሙ፤ እጅዎን ታጥበው በጣት አጥብቀው ያድቦልቡሉት፣ በሌላው እጅዎ ጆሮዎን ከላይ ወደ ኋላ ስበው ያስገቡት፣ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ይያዙት። በትክክል ከገባ የራስዎ ድምፅ ከውስጥ ይሰማዎታል። ከፊት ሲታይ ግማሹ ውጭ የቀረ መድፈኛ ምንም አላገደም። ጩኸቱ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ከቆየ ወይም በአንድ ወገን ብቻ መስማት ከቀነሰ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።